የማርኮኒ ታሪክና የእኛ ዎኪ ቶኪ

በዚህ መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ጓደኞቼ አስቀድመው ሰውየውን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩን ይፈልጋሉ። በእኔ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። እኔ የመረጥሁት ለታናሽ ወንድሜ ዎኪ ቶኪ ነበር። ዎኪ ቶኪው ጋራ ላይ አወጣኝ፤ ጋራው ደግሞ ከጉሊየልሞ ማርኮኒ ጋር አስተዋወቀኝ።

በገና ማግሥት ቤተ ሰባችን በሙሉ ወደ እንጦጦ ሽርሽር ለመሄድ ተሰናዳ። ታናሽ ወንድሜ የዐሥር ዓመት ልጅ ሲሆን ጫካ ካየ እግሩ አርፎ አይቀመጥም። ስለዚህ አባቴ አንድ ጥንድ ዎኪ ቶኪ፥ ማለትም በእጅ የሚያዝ ትንሽ የመነጋገሪያ ሬዲዮ፥ ሊገዙለት አሰቡና እኔን መራጭ አድርገው ወደ መርካቶ ወሰዱኝ። ኀይለኛውን ዓይነት ያለ ፈቃድ መያዝ የማይገባ ስለ ሆነ፥ ለልጆች መጫወቻ የተሠራውን ብቻ እንድመለከት አስቀድመው አስጠነቀቁኝ። ባለ ሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ 5 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ በትልልቅ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ተጽፎበታል። ሁለተኛው ጥቁርና ወፍራም፥ ቁልፉ ትልቅ፥ ካርቶኑም ምንም የማይፎክር ነበር። እኔም ማንኛውም ሞኝ ገዢ እንደሚያደርገው ዕቃውን ትቼ ቁጥሩን ገዛሁ።

እንጦጦ በደረስን ጊዜ እናቴና እኔ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፥ በከተማው በኩል ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ምሳ ለማሰናዳት ቀረን። አባቴና ወንድሜ ጋራውን ተሻግረው ወደ ሱሉልታ በኩል ወረዱ። ጫፉ ላይ እስኪደርሱ ድረስ የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ያለ ያህል ይሰማኝ ነበር። ከጫፉ ባለፉ ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ተንሿሿና ጠፋ። በመካከላችን ያለው ርቀት ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አልነበረም። አባቴ ከአንድ የሚያውቁት ሰው ጋር ቆመው ሰላምታ ሲለዋወጡ፥ ወንድሜ ሬዲዮውን ተማምኖ ብቻውን ወደ ጫካው ገባ። አርባ ደቂቃ ያህል ጠፋብን። እናቴ ያን ጊዜ የሆነችውን መሆን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ እንጨት የሚሸከሙ እናቶች እጁን ይዘው አመጡልን፤ እያለቀሰ ቁልፉን እንደ ተጫነ ነበር። ቁልፉን ሳይለቅ ስለ ያዘው፥ ጋራው ባይኖር እንኳ የእኛን ድምፅ ሊሰማ አይችልም ነበር።

ትምህርት ቤት ስንመለስ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን አጫወትኋቸው። እሳቸውም ከመውቀስ ይልቅ አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ በእጁ የሠራው መሣሪያ ምልክቱን ከኮረብታ ማዶ ሲያደርስ፥ የእኔ አዲስ ሬዲዮ ጋራውን መሻገር ያቃተው ለምን እንደ ሆነ እንድፈልግ አዘዙኝ። ልጁ ማርኮኒ ነው። የሚከተለው ታሪክ የተገኘው ከዚሁ የቤት ሥራ ነው።

ጉሊየልሞ ማርኮኒ በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 ተወለደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጁሴፔ ባለ ርስት ሲሆኑ እናቱ አኒ ጄምሰን የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ፤ ዘመዶቻቸውም በውስኪ ጠመቃ እስከ ዛሬ ስማቸው የሚጠራ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የቈየው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ትምህርት ያገኘው በቤት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። (ይህን ዐረፍተ ነገር አንዳንድ የክፍሌ ልጆች ለወላጆቻቸው ሊያነቡ መዘጋጀታቸውን ስላወቅሁ፥ አውጉስቶ ሪጊ የተባሉት የቦሎኛ የፊዚክስ ሊቅ ጎረቤቱ እንደ ነበሩና ከእሳቸው ትምህርት ይሰማ እንደ ነበር ጨምሬ እጽፋለሁ።)

በዚያ ዘመን ሃይንሪኽ ኸርትስ የተባለው ጀርመናዊ፥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ምንም ሽቦ በባዶ ቦታ እንደሚሄድ በሙከራ አስመስክሮ ነበር። ኸርትስ በ1894 መባቻ ገና በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ዛሬ ስሙ በወንድሜ ሬዲዮ የድንጋይ መክደኛ ውስጥ፥ ከ446 ሜጋ ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል። በዚያው ዓመት በበጋ ማርኮኒ በተራራ አገር ለዕረፍት ሳለ ስለ ኸርትስ ሥራ አነበበ። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ ሞገድ የሚደነቁት እንደ ተፈጥሮ ምስጢር ነበር፤ ማርኮኒ ግን ለመልእክተኛነት ሊያገለግል እንደሚችል ወዲያውኑ ታየው። ወደ ቤቱ ተመልሶ፥ በፖንቴኪዮ መንደር ቪላ ግሪፎኔ በሚባለው የአባቱ ቤት፥ በጣራው ሥር ባለው ሰገነት ተዘግቶ መሥራት ጀመረ።

አንድ ሌሊት እናቱን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ ወደ ሰገነቱ አወጣቸው። በአንድ ወገን ቆሞ ቁልፍ ሲጫን፥ በወዲያኛው ወገን ያለች ደወል ምንም ሽቦ ሳያገናኛት ጮኸች። አባቱ እስከዚያ ድረስ ልጃቸው ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ ይመስላቸው ነበር፤ ነገሩን ካዩ በኋላ ግን ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመሩ። ይህን ሳነብ በየቤታችን ያለውን ነገር አሰብሁ፤ በሌሊት የሚቀሰቀሱት እናት ናቸው፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው ከአባት ነው።

በማርኮኒ መሣሪያ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አብዛኞቹን ሌሎች የፈለሰፏቸው መሆናቸውን መደበቅ አይገባም። ሞገድ ተቀባዩ የብረት ብናኝ ያለበት ትንሽ የብርጭቆ ቧንቧ ነው፤ ሞገድ ሲነካው ብናኙ ተያይዞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ቧንቧው መታ ሲደረግ ደግሞ ተመልሶ ይበተናል። ይህን ያገኘው ፈረንሳዊው ብራንሊ፥ ያሻሻለውም እንግሊዛዊው ሎጅ ነው። በሩስያ ፖፖቭ፥ በህንድ ቦስ በዚያው ዘመን በዚሁ ነገር ላይ ይሠሩ ነበር። የማርኮኒ ድርሻ ቁርጥራጩን አሰባስቦ ማሻሻልና ከቤት ውጭ ይዞት መውጣት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በ1895 መሣሪያውን ወደ ሜዳ አወጣው። ረዳቶቹ ታላቅ ወንድሙ አልፎንሶና የእርሻው ሠራተኞች ነበሩ። አልፎንሶ ተቀባዩን ይዞ ወደ ሜዳው እየራቀ ይሄዳል፤ ምልክቱ ሲደርሰው መሐረብ ያውለበልባል። መጀመሪያ ርቀቱ ጥቂት ነበር። ኋላ ማርኮኒ አንደኛውን የብረት ጫፍ ከመሬት ቀብሮ ሁለተኛውን ከረጅም እንጨት ላይ በሰቀለ ጊዜ ርቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ዛሬ አንቴና የምንለው ይህ ነው። ከዚያም ዋናው ፈተና መጣ። አልፎንሶና ሠራተኞቹ መሣሪያውን ተሸክመው ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ማዶ ወረዱ። ከማዶ መሐረብ አይታይምና አልፎንሶ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ማርኮኒ በመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ቁልፉን ተጫነ፤ ጥቂት ቈይቶ ከኮረብታው በስተ ጀርባ የጠመንጃ ድምፅ ተሰማ። ርቀቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

በዓለም ላይ ስለ ሬዲዮ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል የወደድሁት ነገር የለም። ሁለት ወንድማማቾች፥ አንድ ኮረብታ፥ ከአንደኛው ወገን ቁልፍ፥ ከሌላው ወገን ጠመንጃ። የእኛም ጨዋታ እንዲሁ ነበር፤ የጐደለን ጠመንጃው ብቻ ነው፤ በእሱ ፈንታ ፉጨት ብንይዝ ኖሮ እናቴ ያን ያህል ባልተጨነቀች ነበር።

አሁን ወደ መምህሬ ጥያቄ ልመለስ። ሞገድ በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ያህል ይጓዛል። የወንድሜ ሬዲዮ በሰከንድ 446 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። 300ን ለ446 ብናካፍለው የአንዱ ሞገድ ርዝመት 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአንድ እርምጃ አይበልጥም። እንዲህ ያለው አጭር ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ አፈርና ቋጥኝ ከፊቱ ከቆመ ጥላ ይጥልበታል። ማርኮኒ ግን መሬት የነካ ረጅም አንቴና ስለ ተጠቀመ ሞገዱ እጅግ ረጅም ነበር፤ ረጅም ሞገድ ደግሞ የምድርን ገጽ ተከትሎ ኮረብታውን ዞሮ ይሄዳል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 5 ኪሎ ሜትር ፍጹም ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ አንዱ ተራራ ጫፍ፥ ሌላው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ዛፍ እንኳ በመካከል በሌለበት የተለካ ቁጥር ይሆናል። በጫካና በጋራ መካከል ግን ከዚያ ጥቂቱን እንጂ አያደርስም።

ማርኮኒ በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ሎንዶን ተሻገረ። የጉምሩክ ሰዎች እንግዳውን ሣጥን ሲፈትሹ መሣሪያውን እንደ ሰበሩበት ይነገራል፤ እሱም እንደ ገና ሠራው። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ደገፉት። በ1897 ከፍላት ሆልም ደሴት ወደ ዌልስ የባሕር ዳር 6 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ ተሻገረለት፤ በዚያው ዓመት በ23 ዓመቱ ኩባንያ አቋቋመ። በ1899 ምልክቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር አለፈ።

ከዚህ በኋላ ያሰበው እብደት ይመስል ነበር። ምድር ድቡልቡል ናት፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ወደ ሰማይ ያመልጣል እንጂ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አይሻገርም ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምኑ ነበር። ማርኮኒ በእንግሊዝ አገር በፖልዱ ትልቅ ማስተላለፊያ አቆመ፤ በ1901 ማዕበል ምሰሶዎቹን ጣላቸው። ሌላ አነስ ያለ አቆመና ራሱ ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄደ። እዚያም ነፋሱ ፊኛውን ወሰደበት። በመጨረሻ የአንቴናውን ሽቦ በወረቀት አሞራ፥ ልጆች ክር አስረው በሚያበሩት ዓይነት ነገር፥ ወደ ሰማይ ሰቀለው። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከቀትር በኋላ በጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ አድርጎ ተቀመጠ። ሦስት አጫጭር ምት ተሰማው፤ በሞርስ ፊደል ኤስ ማለት ነው። ማዳመጫውን ለረዳቱ ለኬምፕ አቀበለው፤ እሱም ሰማ። ርቀቱ 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በወረቀት የተመዘገበ ማስረጃ ስላልነበረ፥ በነፋስና በንሿሿታ መካከል የሰሙት ምን እንደ ሆነ ዛሬም የሚጠራጠሩ መሐንዲሶች አሉ። እኔም አርባ ደቂቃ ሙሉ ንሿሿታ ሳዳምጥ የወንድሜን ድምፅ የሰማሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣሁ ስለማውቅ፥ ጥርጣሬያቸው ይገባኛል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ማርኮኒ ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ እየራቀ ሲሄድ የደረሰውን ምልክት በወረቀት አስቀረጸ። በዚያ ጉዞ ምልክቱ በሌሊት ሩቅ፥ በቀን ግን ቅርብ እንደሚደርስ ተገነዘበ። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ፤ በምድር ዙሪያ ከፍ ብሎ ያለው የአየር ንብርብር ሞገዱን እንደ መስተዋት ወደ ታች ስለሚመልሰው ነው። በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ስለ ትዳሩ አጭር ልበል፤ በ1905 ቢያትሪስ ኦብራየንን አገባ፤ ኋላ ተለያዩ፤ በ1927 ማሪያ ክሪስቲና ቤትሲ ስካሊን አገባ። በ1912 በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

በዚያው በ1912፥ ኤፕሪል 15 ሌሊት፥ ታይታኒክ ሰጠመች። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት ሁለት ወጣት የሬዲዮ ሠራተኞች የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። የላኩትን የጭንቅ ጥሪ ካርፓቲያ የተባለች መርከብ ሰምታ ስትገሠግሥ ደርሳ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን ከጀልባዎች አነሣች። 1,500 ያህል ሰዎች ግን ሞቱ። የሚያሳዝነው ነገር፥ ካሊፎርኒያን የምትባል ሌላ መርከብ ከካርፓቲያ ይልቅ ቅርብ ነበረች። የእሷ የሬዲዮ ሠራተኛ ስለ በረዶው ለታይታኒክ ሊያስጠነቅቅ ሲሞክር፥ ሥራ የበዛበት የታይታኒክ ሠራተኛ ዝም እንዲል ነገረው። እሱም ጥቂት ቈይቶ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ጥሪው በአየር ላይ ነበረ፤ የሚሰማው ጆሮ ግን ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመርከቦች ላይ ቀንና ሌሊት የሚያዳምጥ ሰው እንዲኖር በሕግ ታዘዘ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የወንድሜ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። እሱ አርባ ደቂቃ ተናገረ እንጂ አንድ ደቂቃ አላዳመጠም። ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ሲመርጡ ከቁጥሩ በፊት ቁልፉን ይመልከቱ እላለሁ፤ ትንሽ አውራ ጣት ያለ ድካም የምትጫነው፥ ስትለቀውም በግልጥ የሚመለስ ቁልፍ ይሁን። ድንጋዩም በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ይሁን፤ የእኛ ቀዩ ሬዲዮ ከእንጦጦ መልስ ክብ ድንጋዩን ለማግኘት ሦስት ሠፈር አዙሮናል። ድምፁ ለልጅ ጆሮ ከመጠን ያለፈ አይሁን። ልጆቹም ተናግረው ሲጨርሱ ጨርሻለሁ ብለው ቁልፉን እንዲለቁ ከቤት ሳይወጡ ይለማመዱ። በካርቶኑ ላይ ስለ ምስጢር ኮድ የሚጻፈውን ደግሞ ማመን አያስፈልግም። ኮዱ የሌላውን ጫጫታ ከእኛ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የእኛን ነገር ከሌላው ጆሮ አይሰውርም። በአየር ላይ የተጣለ ቃል ተቀባይ ላለው ሁሉ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ከባዱ ክፍል ያስገባኛል።

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒም አከበረው፤ በ1930 የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በባሕር ላይ ለሚጨነቁት ሁሉ የጥሪ መንገድ የከፈተው ይህ ሰው ወረራውን ደገፈ፤ በዓለም ፊትም ተከራከረለት። በግንባር ደግሞ ኢጣልያኖች የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ስለ ነበር፥ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቃት ሲከፍቱ ጠላት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አባቶቻችን ሽቦ የሌለውን መገናኛ ንፋስ ስልክ ይሉት ነበር፤ የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ሠፈር ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ንፋሱ የሁለቱም ወገን ነበረ፤ የሚያዳምጠው ግን አንዱ ወገን በለጠ።

የአያቴ አባት ማይጨው ነበሩ። በመርዝ ጋዝ ተቃጥለው ተመለሱ፤ አያቴ ልጅ ሳሉ የአባታቸውን እግር በሞቀ ውኃ ያጥቡ እንደ ነበርና ቁስሉ በየክረምቱ እንደሚያመረቅዝ አጫውተውናል። አንድ ማታ የማርኮኒን ታሪክ ለቤተ ሰቡ ሳነብ፥ ጥቁሩ ዎኪ ቶኪ፥ ቀዩን ትተን በኋላ የገዛነው፥ በአያቴ ጭን ላይ ነበር፤ ወንድሜ አስቀምጦት ነው። ስለ 1928 ዓ.ም. ያለውን ክፍል ስደርስ አያቴ ምንም ሳይናገሩ ሬዲዮውን በሁለት ጣት አንሥተው መሬት ላይ አኖሩት። እኔም ማንበቤን አቋረጥሁ። በማግሥቱ ጽሑፉን ልተወው አሰብሁና ለመምህሬ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ውሳኔውን ለእኔ ተዉት። ሦስት ቀን ካመነታሁ በኋላ አያቴን ራሳቸውን ጠየቅሁ። አያቴም ሰውየው ያደረገውን ሁሉ፥ ደጉንም ክፉውንም፥ ሳላስቀር የምጽፍ ከሆነ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ፤ የኮረብታውን ብቻ ጽፌ የማይጨውን ከተውሁ ግን መጽሔቱ ቤታቸው እንዳይገባ አሉ።

እኔ በበኩሌ በማርኮኒ ላይ ያለኝ ፍርድ እስከ ዛሬ ሁለት ነው። የቪላ ግሪፎኔውን ልጅ ጓደኛዬ ቢሆን እወድ ነበር። የአካዳሚውን ፕሬዚዳንት ግን ልረዳው አልቻልሁም። ከኮረብታ ማዶ ያለውን ለማዳመጥ ያን ያህል የደከመ ሰው፥ በ1928 ዓ.ም. ከእኛ ጋራዎች የመጣውን ጩኸት እንዴት ሳይሰማ ቀረ?

በሕይወቱ መጨረሻ ማርኮኒ የሚሠራው በአጫጭር ሞገድ ነበር። ኤሌትራ በምትባል መርከቡ ላይ ቤተ ሙከራ ነበረው፤ በ1930 ከጄኖቫ ወደብ ሆኖ በላከው ምልክት በአውስትራሊያ የሲድኒ ከተማ መብራቶች በሩ። በ1931 የቫቲካንን ሬዲዮ አቋቋመ። በ1933 ከቫቲካን እስከ ጳጳሱ የበጋ ቤት እስከ ካስቴል ጋንዶልፎ በ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞገድ የሚሠራ የስልክ መገናኛ ዘረጋ። ይህ የሞገድ ርዝመት ከወንድሜ ሬዲዮ ጋር ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ማርኮኒ በሮማ ከተማ ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ ማለት ጁላይ 20 ቀን 1937፥ በልብ ሕመም በ63 ዓመቱ ሞተ። የየካቲት 12 ሰማዕታት በአዲስ አበባ ከተጨፈጨፉ ገና አምስት ወር ነበር። በብዙ አገር የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ፤ አየሩ እሱ ከመወለዱ በፊት እንደ ነበረው ጸጥ አለ ይባላል። ዎኪ ቶኪን ግን እሱ አልሠራውም። በዚያው በ1937 በካናዳ ዶናልድ ሂንግስ፥ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአሜሪካ አል ግሮስ ተንቀሳቃሽ መነጋገሪያዎችን ሠሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዎኪ ቶኪ የሚል ስም ያገኘው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ በጀርባ የሚታዘልና 15 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበር። ወንድሜ ይህን ሰምቶ የራሱን በመዳፉ መዝኖ ሳቀ።

በፋሲካ ማግሥት እንደ ገና ወደ እንጦጦ ወጣን። በዚህ ጊዜ የያዝነው ሁለት ጥንድ ጥቁር ሬዲዮ፥ ትርፍ ድንጋይና በወንድሜ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ፉጨት ነበር። ከጋራው ጫፍ ሁለቱም ወገን በግልጥ ስለሚታይ፥ እዚያ የሚቆም ሰው የሁለቱንም ድምፅ ሰምቶ ለወዲያና ለወዲህ ሊያቀብል እንደሚችል አስልቼ ነበር። መኪናው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሚቆምና ከመኪናው የማይወርዱት አያቴ ብቻ ስለ ሆኑ፥ አቀባይነቱ በእሳቸው ላይ ወደቀ። ሬዲዮውን ስሰጣቸው ጥቂት አዩት። ከዚያ ወንድሜ ወደ ሱሉልታ በኩል ሲሮጥ ተመለከቱና ተቀበሉኝ። ቁልፉን ተጭነው መናገር፥ ለቀው ማዳመጥ እንደሚገባቸው ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራቸውን እንከን በሌለው መንገድ ሠሩ። ወንድሜ ከማዶ ሆኖ ቀበሮ ያየ እንደ መሰለው ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ለእኔ ያስተላልፋሉ፤ እናቴ እንዲመለስ ታዛለች፤ እሳቸው መመለሱን ትተው ምሳ መድረሱን ብቻ ይነግሩታል። ኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያን የወጡ አንዲት የድሮ ወዳጃቸውን አገኙ። ከዚያ ወዲያ በጋራው በሁለቱም በኩል የምንሰማው ስለ ቅቤ ዋጋና ስለ አንድ የማናውቀው ሰው ሠርግ ብቻ ሆነ። ቁልፉን ተጭነው ስለ ቀሩ ማናችንም ልናቋርጣቸው አልቻልንም። በመጨረሻ ወንድሜ ጋራውን በሩጫ ወጥቶ አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሣው።